የእምቦጩን ፎቶ በገዛ እጄ አጠፋሁት፦ ኦሪጅናልን ስለ መጠበቅና ፎቶን ስለ ማሳመር

ጣና ዳር | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባሕር ዳር ውስጥ በፎቶግራፍ ሥራ ከተሰማራሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፈው በገዛ እጄ ስላጠፋሁት ሥራ ነው፤ መላ ያለው ሰው እንዲመክረኝ፣ ገና ያልደረሰበትም እንዲጠነቀቅ ስል በዝርዝር አቀርበዋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ደንበኛ ለግድግዳ ካላንደር የሚሆን የሐይቅ ፎቶ አዝዞኝ፣ በፎገራ በኩል ባለው የጣና ዳርቻ ሁለት ቀን ስሠራ ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ አንድ ዓሣ አስጋሪ በደንገል ታንኳው ሲመለስ ያነሳሁት ፎቶ ከሁሉም በልጦ ታየኝ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል፤ ታንኳው ከነሰውየው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ከታንኳው እስከ ዳርቻው ያለው ውኃ ግን በሙሉ በእምቦጭ ተሸፍኗል። ወፍራሙ ቅጠል ብርሃኑን ይዞ ያብረቀርቃል፣ ሐምራዊ አበባው እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል፣ ሰውየውም በመቅዘፊያው የሚገፋው ውኃ ሳይሆን አረም ነው።

ደንበኛው «ሐይቁ ንጹሕ ሆኖ ይታይ» ስላለኝ፣ ሁለት ሌሊት ተቀምጬ በፎቶሾፕ እምቦጩን አንድ በአንድ አጠፋሁት፤ ከሌላ ፎቶ ውኃ እየቀዳሁ ሸፈንኩት። ሥራው ያምር ነበር፤ ሐሰት መሆኑን የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ስጨርስ በዚያው ጄፔግ ፋይል ላይ፣ በዚያው ስም ሴቭ አደረግሁት። የቀሩትንም እንዲሁ። የካሜራውን ሚሞሪ ካርድም በሳምንቱ ለሠርግ ስለፈለግሁት ፎርማት አደረግሁት።

ባለፈው ሳምንት የሐይቁን ዳርቻ ለውጥ የሚያጠና አንድ ተማሪ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ በዚያ ዓመት አረሙ እስከ የት ደርሶ እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ እንዳለኝ ጠየቀኝ። በእርግጠኝነት «አለኝ» ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩለት። ሃያ ሦስት ፎቶ አገኘን፤ በሃያ ሦስቱም ላይ አንድ ቅጠል እምቦጭ የለም። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እኔ ደግሞ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የማውቅለት፣ በዓይኔ አይቼ በካሜራዬ የያዝኩት ማስረጃ ነበረኝ። ልጁ ፊቴን አይቶ ምንም ሳይለኝ አመስግኖ ወጣ።

ካርዱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሠርግ በኋላ ትልቅ ካርድ ስለገዛሁ አልተነካም። ከዚህ ካርድ ላይ የሚመለስ ነገር ይኖር ይሆን? እናንተስ ኦሪጅናሉን ከተሠራው ለይታችሁ የምታስቀምጡት በምን መንገድ ነው? ደግሞም አንድን ፎቶ እስከ የት ድረስ ማሳመር ይገባል ትላላችሁ?

ብርሃን ለቃሚ | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡45

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ካርድ ካሜራ ውስጥ እንዳታስገባው። በካርዱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ገፋ አድርጋት፤ ኮምፒውተሩ ሳታውቀው አንዳች ነገር እንዳይጽፍበት ትከላከልልሃለች።

ካሜራ ካርድን ፎርማት ሲያደርግ በአብዛኛው የሚያጠፋው ፎቶዎቹን ሳይሆን የፎቶዎቹን ማውጫ ነው። የመጽሐፍ ማውጫ ቢቀደድ ገጾቹ በቦታቸው እንደሚቀሩ ሁሉ፣ ፎቶዎቹም ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ አሉ። ካሜራ ብዙውን ጊዜ ከካርዱ መጀመሪያ አንሥቶ ስለሚጽፍ፣ የሠርጉ ፎቶ የበላው ቀድሞ የተነሳውን ነው፤ በመጨረሻ ያነሳሃቸው፣ ማለትም የሁለተኛው ቀን ማምሻ ፎቶዎች፣ የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ ነው።

በመጀመሪያ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ እንደ አንድ ፋይል አድርገህ ወደ ኮምፒውተር ቅዳ፤ ፍለጋውን በግልባጩ ላይ አድርግ እንጂ በካርዱ ላይ አታድርግ። ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀም፤ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ማውጫውንም አይፈልግም፤ እያንዳንዱ የጄፔግ ፋይል በሚጀምርበት ምልክት እየተመራ ፎቶዎቹን ይለቅማል። የፋይሎቹ ስም አይመለስም። ይሁን እንጂ የተነሱበት ቀንና ሰዓት በፎቶው ውስጥ ስለሚጻፍ በዚያ ትለያቸዋለህ። የሚገኘውን ነገር በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፤ እዚያው ካርድ ላይ የሚመልስ ሰው የቀረውን ያጠፋል።

ሌላ ቀን አትጠብቅ። ሚሞሪ ካርድ መረጃውን የሚይዘው በውስጡ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ያ ሙል ቀስ በቀስ ይሸሻል።

የዘጌዋ | ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጽሑፍዎን አንብቤ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የማነሳው በስልክ ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው የመጨረሻ ዓመት፣ ዘጌ ውስጥ ከጓሯችን የቡና ዛፎች ሥር ቅርጫቷን በክንዷ ይዛ ቆማ ያነሳኋት አንድ ፎቶ ነበረች። ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። በዚያው ክረምት ስልኬ ከጀልባ ላይ ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። ለአርባዋ ትልቅ አድርገን ልናሳትም ስንል የእህቴን ቅጂ ወስደን ወደ ማተሚያ ሄድን፤ ወጥታ ስናያት የእናቴ ዓይን ትናንሽ ካሬ ሆኗል፤ የቅርጫቷ አሠራር ጨርሶ አይለይም።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በተለመደው መንገድ በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ረዥሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች) እንዲወርድ ተደርጎ ነው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ቢፈለግ፣ ይህ የሚበቃው 11 ሴንቲ ሜትር ለማይሞላ ፎቶ ነው። እኛ ያሳተምነው 60 ሴንቲ ሜትር ነበር። በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ ፎቶውን «ፋይል» ወይም «ሰነድ» በሚለው በኩል ብልክላት ኖሮ እንዳለ ይደርሳት ነበር። ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ።

ለእኔ የቀረችኝ ያቺው ትንሿ ናት። በ10 በ7 አሳትሜ በመስታወት ውስጥ አድርጌያታለሁ፤ በዚያ መጠን ዓይኗ ደኅና ነው።

የመዝገብ ቤት ሰው | ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 7፡30

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ለጣና ዳር ደግሞ፣ ስለ አቀማመጥ ለጠየቁት ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ሥራዬም ፍቅሬም እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ።

ከሰነድ አያያዝ ልምዴ እንዳየሁት፣ በእኛ አገር የዲጂታል ፎቶ ከሚጠፋበት ይልቅ እያለ የማይገኝበት ጊዜ ይበልጣል። አንደኛው ምክንያት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ካሜራውን ሲገዛ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 3፡00 ብሎ ይጽፋል። ካሜራው ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ይረዳል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚነሳው ፎቶ ሁሉ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል። ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጥምቀት ሌሊት፣ ታቦታቱ ባደሩበት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተነሳ የማሕሌት ፎቶ ቀኑ የከተራ ዕለት ሆኖ ይመዘገባል፤ ሁለት ሰዎች በሁለት ካሜራ ያነሱት ሲቀላቀልም ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት የገባ ይመስላል። ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ዳርክቴብልን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች የብዙ ፎቶዎችን ሰዓት በአንድ ጊዜ በስድስት ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። ይህም የሚሆነው ግን ካሜራው በዚያ መልክ እንደተሞላ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ነው።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ካሜራው በፈረንጅ ቀን ይጻፍ፤ አትንኩት። ለፎልደሩ ግን በእኛ ቀን ስም ስጡት፤ ዓመቱን በመጀመሪያ፣ ወሩን በሁለት አሃዝ፣ ቀኑን በመጨረሻ። «2017-05-11 ጥምቀት ባሕር ዳር» ብትሉት፣ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። ጳጉሜን 13 ብላችሁ ጻፉ፤ በፎልደር ስም ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚከለክላችሁ የለም። ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ስትለውጡ ግን በልማድ አታስሉት፤ የ2016 ጥምቀት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ሲውል፣ የ2017ቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው የዋለው፤ 2015 ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ስለነበር።

ሦስተኛው በፎቶው ላይ ያለው ሰው ስምና የቦታው ስም ነው። ይህን በደብተር ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ፣ ለመግለጫ በተዘጋጀው ቦታ ጻፉት። በአማርኛ ይቀበላል። ፋይሉ በተቀዳበት ሁሉ መግለጫው አብሮት ይሄዳል። ማኅበራዊ ገጾች ላይ ስትለጥፉት ግን ብዙዎቹ ይህን ጽሑፍ አራግፈው ይጥሉታልና፣ ከፌስቡክ መልሳችሁ ያወረዳችሁትን ፎቶ እንደ ኦሪጅናል አትቁጠሩት።

ስለ ቅጂ ብዛት ደግሞ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባል ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ባሕር ዳር ላይ ሁለቱን ቅጂ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ሌባን፣ እሳትንና የመብራት መቆራረጥን አላሰበም። ዲስክ እየቀዳ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚቀዳውም የሚቀዳበትም ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ቀድታችሁ ስትጨርሱ ጥቂቶቹን ከፍታችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ።

ጥለት | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 1፡05

እኔ የሠርግ ፎቶ አነሳለሁ፤ አሳምራለሁም፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ስለዚህ ጣና ዳር ያነሳውን ሦስተኛ ጥያቄ ለመመለስ እሞክራለሁ። ማሳመር ኃጢአት ነው የሚል ስሜት በዚህ ውይይት ላይ እንዳያድር ፈራሁ።

ካሜራ ዓይን አይደለም። ነጠላ የለበሰች ሙሽራን በቀትር ብርሃን ስታነሱ፣ ካሜራው ነጩን ልብስ አይቶ ትዕይንቱን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያወርደው ይሞክራል፤ ነጠላው አመድማ፣ ፊቷም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ፊቷን ለማዳን ብርሃኑን ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ነጠላው ነድዶ ይጠፋል፤ የጥለቱ ክር፣ የሸማኔው ድካም፣ ባዶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። የነደደ ነጭ በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር እንዳለ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት ነው የማነሳው። ጄፔግ በእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ፣ የእኔ ካሜራ የሮው ፋይል ግን በ14 ቢት 16,384 ይይዛል። ነጠላው እንዳይነድድ አድርጌ አነሳና፣ ቤት ገብቼ ፊቷን ብቻ በማስክ (የተመረጠውን ቦታ ብቻ ለማስተካከል በሚያስችለው መሣሪያ) ለይቼ ቀስ አድርጌ አወጣዋለሁ። የምትታየው ሙሽራ በዚያች ሰዓት ዓይኔ ያያት ሙሽራ ናት። ይህ ማሳመር እውነትን መመለስ ነው።

ሮው ሌላም በጎ ነገር አለው። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞቹ ላይትሩምም ሆነ ዳርክቴብል የሮውን ፋይል አይነኩትም፤ ያደረጋችሁትን ለውጥ እንደ ትእዛዝ በሌላ ቦታ ይጽፉታል፤ በማንኛውም ጊዜ ሰርዛችሁ ከመጀመሪያው መጀመር ትችላላችሁ። ጄፔግን ግን በከፈታችሁና መልሳችሁ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር እንደገና ይጨመቃል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ላይ ስትሠሩ ከታች ያለውን ሌየር (ንብርብር) ቆልፉት፤ ሥራችሁን ሁሉ ከላይ በሌላ ሌየር ላይ አድርጉ።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ሙሽራን የቤተሰብ ፎቶ ሳሳምር፣ የቆዳ ማለስለሻውን በሁሉም ፊት ላይ በአንድ ጊዜ አሳለፍኩት። አልበሙን ስታይ ዝም አለች። ቆይታ ጣቷን በእናቷ አንገት ላይ አድርጋ «ንቅሳቷስ?» አለችኝ። በአንገታቸው ዙሪያ በሦስት መስመር የነበረው፣ በአገጫቸውም ላይ የነበረው ንቅሳት፣ ፕሮግራሙ እንደ እድፍ ቆጥሮ አጥቦታል። ሮው ስለነበረኝ በዚያው ቀን መልሼ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ማለስለሻ በጅምላ አላሳልፍም፤ የትላንት ብጉርን አጠፋለሁ፣ ጠባሳንና ንቅሳትን ሳልጠየቅ አልነካም።

ፈጠራን ግን አልተውኩም። ጢስ ዓባይን በነሐሴ አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ አንድ ጊዜ፣ እግሬን ባሳረፍኩበት በዚያው ድንጋይ ላይ ቆሜ አነሳሁት። ሁለቱን በአንድ ፎቶ አጋጠምኳቸው፤ ግራው ቡናማ ጎርፍና ጭስ፣ ቀኙ እርጥብ ጥቁር ዐለትና ቀጭን ነጭ ክር ውኃ። ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው በበጋ ምን እንደሚሆን በአንዱ ፎቶ ብቻ ማሳየት አይቻለኝም ነበር። ከሥሩ «ከሁለት ፎቶ የተቀናበረ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

የመዝገብ ቤት ሰው | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡00

ጥለት የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርዎ ላይ ያለችው ጽሑፍ ለእኔ ዋናዋ ናት። በዜና ዓለም ድንበሩ ጠበቅ ያለ ነው፤ የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ፎቶ አንሺ ከሶርያ ፎቶው ጥግ ላይ አንዲት የቪዲዮ ካሜራ ስላጠፋ ብቻ ከእርሱ ጋር መሥራቱን አቁሟል። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔትም በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. ዕትሙ ሽፋን ላይ የጊዛን ፒራሚዶች አቀራርቦ በማውጣቱ ለዓመታት ሲወቀስ ኖሯል። ካላንደር ዜና አይደለም፣ እስማማለሁ። ነገር ግን ካላንደሩ ከግድግዳ ከወረደ በኋላ ፎቶው ይቀራል፤ ቀኑም በውስጡ ተጽፏል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያገኘው ሰው ጌጥ መሆኑን በምን ያውቃል? የተሠራውን ፋይል በስሙ መጨረሻ ላይ «የተቀናበረ» ማለት ከሠላሳ ሰኮንድ በላይ አይወስድም።

ጣና ዳር | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 4፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብርሃን ለቃሚ እንዳለኝ ካርዱን ቆልፌ፣ ሙሉ ግልባጩን ቀድቼ፣ ፎቶሬክን ሌሊቱን ሙሉ አሠራሁት። ሠርጉን በሁለት ካርድ ከፋፍዬ ሠርቼው ስለነበር ይህኛው እስከ መጨረሻው አልሞላም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ አንድም አልተረፈም። ከሁለተኛው ቀን ማምሻ ግን ዘጠኝ ሙሉ ፎቶ ተመለሰ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከላይ ሰማዩና ፀሐይዋ አሉ፣ ከወገብ በታች ግራጫ ናቸው።

ያ የታንኳው ፎቶ ከዘጠኙ አንዱ ነው። ከተሠራው ጎን ለጎን አድርጌ ሳየው፣ ከእምቦጩ ጋር ሌላም ነገር አጥፍቼ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ በታንኳው ፊት ለፊት አረሙ ተከፍሎ ጠባብ የውኃ መንገድ አለ፤ ሰውየው ጠዋት ሲወጣ የከፈተው ሳይሆን አይቀርም፤ ማታ በዚያው ሲመለስ ነው ያነሳሁት። እኔ በሁለት ሌሊት ሥራ ያንን መንገድ ደፍኜዋለሁ።

ዘጠኙን «2009-02» በሚል ፎልደር፣ ፎገራ ብዬ፣ አረሙ የደረሰበትን በመግለጫው ጽፌ ለተማሪው ልኬለታለሁ፤ እንደ ሰነድ አድርጌ። የተሠሩትን ሃያ ሦስቱን አልሰረዝኳቸውም፤ «የተቀናበረ» የሚል ስም ሰጥቼ ለብቻ አኖርኳቸው። ካሜራዬንም ከሮው ጋር ጄፔግ እንዲያነሳ አድርጌ አስተካክያለሁ። ሰዓቱን ስመለከተው፣ የመዝገብ ቤቱ ወንድማችን እንዳሉት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው፤ ስለዚህ የታንኳው ፎቶ የተነሳው በ11፡40 ሳይሆን በ17፡40 ነው። እሱንም አርሜያለሁ።

የቀረኝ ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ቅጂ ነው። በኢንተርኔት ላይ እንዳልጭን አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት ከሦስት ቴራባይት በላይ ሆኖብኛል፤ በእኔ መስመር ወራት ይፈጅብኛል።

የጎርጎራ ልጅ | ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 1፡15

ውይይቱን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። እኔ በሰሜኑ ዳርቻ ነው የምኖረው፤ ከ2008 ጀምሮ በደንቢያ በኩል እምቦጩን ሲነቅሉ የዋሉ ገበሬዎችን በስልክና በትንሽ ካሜራ አንስቻለሁ። የእኔም ሁሉ ነገር በአንድ ዲስክ ላይ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ዲስኩም ሲነሳ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር እመጣለሁ። ባዶ አራት ቴራባይት ዲስክ ካዘጋጁ የእርስዎን እኔ ወደ ጎርጎራ ይዤ እመለሳለሁ፤ የእኔንም ለእርስዎ ትቼ እሄዳለሁ። ሁለቱንም በይለፍ ቃል እንቆልፋቸዋለን፤ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እየተገናኘን ከፍተን እናያቸዋለን። ድምፅ የሚያሰማውን ዲስክ በጉዞ ላይ እንዳይንገጫገጭ በጋቢ ጠቅልዬ በጭኔ ላይ ይዤው ነው የምመጣው።

ጣና ዳር | ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 1፡40

ዲስኩን ዛሬ እገዛለሁ። እርስዎ ሲደርሱ በመጀመሪያ የእርስዎን እንቅዳ፤ ድምፅ ማሰማት የጀመረ ዲስክ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ አይታወቅም። ሱቁ ቅዳሜ እስከ ማታ ክፍት ነው።